ከሰዓት ጋር የሚደረግ ውድድር
ለመጀመሪያው ክሮኖሜትር የሚሰናዳ ወጣትና ቤተ ሰቡ ሊያውቁት የሚገባ

ብስክሌት በመቐለ ከተማ እንደ ብርቅ የሚታይ ዕቃ አይደለም። ሠራተኛው ወደ መሥሪያ ቤቱ፥ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ባለሱቁ ወደ ገበያው የሚመላለስበት የዘወትር አገልጋይ ነው። ስለዚህም በየሰፈሩ፥ ከዚህ አገልግሎት አልፎ አንድ ቀን ለመሽቀዳደም የሚመኝ ወጣት አይታጣም። የዚህችው ከተማ ተወላጅ ፅጋቡ ግርማይ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2016 ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ መሰለፉ፥ ይህ ምኞት ከንቱ ሕልም ብቻ አለመሆኑን አሳይቷል።

የወጣት ምኞት ግን ብዙ ጊዜ ለቤተ ሰቡ ጭንቀት ነው። በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነበረ። በ2017 ዓ.ም. በትንሣኤ ማግስት ታናሽ ወንድሜ ከሥራ እስክመለስ ጠብቆ፥ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ፥ «ሓወይ፥ በሰኔ ወር በሚደረገው ክሮኖሜትር ልወዳደር እፈልጋለሁና ፈቃድህን ስጠኝ» አለኝ። ዕድሜው 19 ነው። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበረ ብዙ ዓመት ባክኖበት፥ ያን ጊዜ ገና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። እናታችን ይህን ሲሰሙ መሶቡን እንደ ያዙ ቆመው፥ «ልጄ፥ የባከነብህ ዘመን አይበቃህምን? የቀረውንም በመንገድ ላይ ልትበትነው ነውን?» አሉት።

አባታችን ካረፉ ወዲህ በቤታችን የመጨረሻውን ቃል የምናገር እኔ ነኝ። ልከለክለው አፌን ከከፈትሁ በኋላ፥ በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ የሠራሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። በመጨረሻም ሦስት ውል አስገባሁት። በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ ለልምምድ እንዳይወጣ፤ ያለ ራስ መከላከያ ቆብና በምሽት ወደ አውራ ጎዳና እንዳይወርድ፤ የሠራውንም ሁሉ ከትምህርቱ ውጤት ጋር በአንድ ደብተር እንዲጽፍ። እናታችን በውሉ ባይደሰቱም አልተቃወሙም።

የውድድሩ ጠባይ

ከጣልያንኛ በወረስነው ስም ክሮኖሜትር የምንለው ውድድር ከሌላው የብስክሌት እሽቅድምድም የሚለየው ተወዳዳሪው ብቻውን በመሆኑ ነው። ሁሉም በአንድነት አይነሡም። በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ልዩነት አንድ በአንድ እየተለቀቁ፥ የተወሰነውን መንገድ ማን ባጠረ ጊዜ እንደ ጨረሰ በሰዓት ይለካል። በሌላው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መጠለል ክልክል ነው። በዓለም አቀፉ ማኅበር ደንብ መሠረት፥ ኋላ የተነሣው ሰው ደርሶ የቀደመው ተወዳዳሪ ቢያንስ 25 ሜትር ያህል ርቆ መከተል አለበት። ለመነሻው ዘግይቶ የደረሰም ሰው ሰዓቱ የሚቈጠርበት ከመጣበት ጊዜ ሳይሆን በዝርዝሩ ከተጻፈለት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ጀማሪው አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ፍጥነትን ሳይሆን ቀጠሮ ማክበርን ነው።

አመጣጡም የሚያስገርም ነው። በእንግሊዝ አገር በአውራ ጎዳና ላይ በጅምላ መሽቀዳደም ከፈረሶችና ከሠረገሎች ጋር ግጭት እያመጣ ስላስቸገረ ተከልክሎ ነበረ። በ1895 (በአውሮጳ አቆጣጠር) ፍሬድሪክ ቢድሌክ የተባለ ሰው ተወዳዳሪዎቹ በየተራ ተነሥተው ከሰዓት ጋር ብቻ የሚወዳደሩበትን ሥርዐት አስጀመረ። መንገደኛው ብቻውን የሚሄደውን ብስክሌተኛ ሲያይ ውድድር መሆኑን ስለማያውቅ ችግሩ ቀለለ። ቱር ደ ፍራንስም ይህን ዐይነት ውድድር በ1934 ተቀበለ።

የማይታየው ባላጋራ

ከመቐለ በስተደቡብ በአሸጎዳ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጩ 84 የነፋስ መዘውሮች ተተክለዋል። እነዚህ መዘውሮች በዚያ የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አገር ለሚወዳደር ብስክሌተኛም ዋናው ባላጋራ ይኸው ነፋስ ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚሄድ ሰው ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚያወጣው አየሩን ለመሰንጠቅ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ፥ ያን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚጠየቀው ኀይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ፍጥነት ለመጨመር የሚከፈለው ዋጋ እጅግ የበዛ ነው። ወገብን ዝቅ አድርጎ፥ ክርንን ሰብስቦ፥ ራስን ከትከሻ መካከል አስገብቶ መሄድ ምንም ገንዘብ ሳያስወጣ ብዙ ሴኮንዶችን ያተርፋል።

ደጋማው አገር ግን በአንድ በኩል ይረዳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተቃውሞው ይቀንሳል። ኤዲ ሜርክስ በ1972 (በአውሮጳ አቆጣጠር) በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር በመሄድ የዓለምን ክብር ወሰን የሰበረው ይህን አስቦ ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሄዶ ነው። ነገር ግን ስሱ አየር ለሳንባም ስስ ነው። ከመጠን በላይ የደከመ ሰው በደጋ ላይ ትንፋሹን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። በደጋ ላይ ችኮላ ቅጣቱ ድርብ ነው ማለት ነው።

የስምንት ሳምንት ደብተር

ውድድሩ ከኲሓ ተነሥቶ በደቡቡ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ፥ ከምልክቱ ዞሮ የሚመለስ፥ በጠቅላላው 20 ኪሎ ሜትር ነበረ። ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት መንገዱን ብቻውን ሞከረው። ሲሄድ ከነፋስ ጋር እየታገለ በ19 ደቂቃ ደረሰ። ሲመለስ ግን ነፋሱ ከኋላው እየገፋውም 22 ደቂቃ ፈጀበት። በደብተሩ ላይ የጻፈው ይህ ቍጥር ከብዙ ምክር ይልቅ አስተማረው፤ ጉልበቱን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጨርሶ ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ ለስድስት ደቂቃ ያህል አጥብቆ ይነዳና አራት ደቂቃ በዝግታ ያርፋል፤ ይህንም አራት ጊዜ ይደጋግማል። ሐሙስ ዳገት ላይ ይሠራል። ቅዳሜ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል በመጠነኛ ፍጥነት ይሄዳል። የልብ ትርታ የሚቈጥር መሣሪያ ስላልነበረን መለኪያችን አንደበት ነበረ። በዝግታው ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ሲገባው፥ በጥብቁ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ቃል በላይ መናገር ካልቻለ ልኩ ያ ነው። አንድ ቃል እንኳ መናገር ካቃተው ግን ከልኩ አልፏል።

በሌሎቹ ቀናት መጽሐፉን ይዞ ይቀመጣል። በአራተኛው ሳምንት መንገዱን ደግሞ ቢሞክረው በ38 ደቂቃ ተኩል ጨረሰ። በዚያው ሳምንት በሒሳብ ፈተና ያገኘውን ውጤት ከዚሁ ገጽ ላይ አየነው፤ አልወረደም። እናታችን ማንበብ ባይችሉም ደብተሩን ተቀብለው ገጹን አገላበጡና፥ «እንግዲህ ይቀጥል» ብለው መለሱለት።

የመጨረሻው ሳምንት ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ነው። የቀረውን ልምምድ በአንድ ሳምንት ለማካካስ የሚሞክር ሰው ደክሞ ወደ ውድድሩ ይገባል። ትክክለኛው መንገድ የልምምዱን ርዝመት ወደ ግማሽ ያህል ቀንሶ፥ ሰውነት ፍጥነቱን እንዳይረሳ ጥቂት አጫጭር ጥብቅ ሙከራዎችን ብቻ ማስቀረት ነው። የኮርቻውንም ከፍታ በዚህ ሳምንት መለወጥ አይገባም። ልኩ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ተረከዝ ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ ካለ ይበቃል።

በዋዜማው ማታ

ቅዳሜ ማታ ብስክሌቱን በግቢያችን ውስጥ ገልብጠን መረመርነው። ፍሬኑ ሁለቱንም ቸርኬዎች እኩል መያዙን፥ ጎማው አለመሰንጠቁን፥ ኩሽኔታው አለመላላቱን፥ ብሎኖቹ መጥበቃቸውን አየን። እናታችን ለማለዳው የሚሆነውን ቅጫ እየጋገሩ ነበረ። ምክሩ ቀላል ነው፤ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ሆድ የለመደውንና የማይከብደውን መብላት፤ በርበሬ የበዛበትንም አዲስ ምግብንም ለሌላ ቀን ማቆየት። እንዲህ ላለ አጭር ውድድር በመንገድ ላይ ምግብ አያስፈልግም።

ወንድሜ ካቴናውን በጨርቅ እየጠረገ ሳለ፥ «አንተም አንድ ጊዜ ተወዳድረህ ካቴናው ባይበጠስብህ ኖሮ ትጨርስ ነበረ ይላሉ፤ እውነት ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ ለብዙ ዓመት የሸሸግሁትን ተናገርሁ። ካቴናው አልተበጠሰም ነበረ። በ2002 ዓ.ም. በመጀመሪያው ክሮኖሜትሬ ላይ፥ ከእኔ በፊት የተነሣውን ልጅ ለመያዝ ብዬ እንደ እብድ ነዳሁ። በአምስተኛው ኪሎ ሜትር ዐይኔ ጨለመ፤ ከመንገዱ ዳር ወርጄም አስመለሰኝ። ለአባቴ «ውጤቴ ይህ ነው» ማለት ስላፈርሁ ካቴናው ተበጥሶ በመንገድ ላይ አስጠገንሁት አልሁ። አባቴም በማግሥቱ፥ ብስክሌቱን በውድድሩ ዋዜማ ወዳደሰው መካኒክ ለወቀሳ ሄዱ።

እናታችን ከምድጃው ሳይነሡ፥ «መካኒኩ ካቴናውን አይቶ አንድም ቦታ አለመነካቱን ለአባትህ ነግሯቸዋል። ይቅርታ ጠይቀውት ተመለሱ። ‹ራሱ እስኪናገር ማንም አይንገረው› ብለው ስለ ከለከሉኝ ዝም አልሁ» አሉ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ወንድሜ ግን ጥቂት ቆይቶ፥ «እንግዲያስ እኔ ነገ የሚመጣውን ሁሉ እንዳለ እነግራችኋለሁ» አለ።

የውድድሩ ዕለት

እሑድ ማለዳ ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። ሰውነቱን ለማሟሟቅ ለ20 ደቂቃ ያህል በዝግታ ተመላለሰ፤ በመካከሉም ሦስት ጊዜ ለጥቂት ሴኮንዶች ፈጠነ። በክንዱ ላይ በለጠፈው ወረቀት «ሄዶ 19፥ ተመልሶ 17» ብሎ ጽፎ ነበረ። ይህ ሰዓቱ ከሌላው ሰው ሰዓት ጋር የማይነጻጸር የገዛ ራሱ ውል ነው። ግሬግ ሌሞንድ በ1989 (በአውሮጳ አቆጣጠር) በቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን፥ 24.5 ኪሎ ሜትር በሆነው ክሮኖሜትር፥ በሎራን ፊኞን የተቀደመበትን 50 ሴኮንድ መልሶ በ8 ሴኮንድ ብልጫ ያሸነፈው፥ በመንገድ ላይ ሰዓቱን እንዳይነግሩት ረዳቶቹን አስጠንቅቆ ነው።

አስነሺው ኮርቻውን ይዞለት ከአምስት ወደ ኋላ ቈጥሮ ለቀቀው። በዝግታ የተነሣ መሰለኝና ልቤ ደነገጠ። በሦስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተነሣው ልጅ አልፎት ሄደ። እኔ ያለቅሁት በእንዲህ ያለው ጊዜ ነበረ። ወንድሜ ግን የደንቡን ርቀት ጠብቆ በራሱ ፍጥነት ቀጠለ። ዳገቱንና የፊት ነፋሱን ትንሽ አጥብቆ፥ ቍልቍለቱን ጐንበስ ብሎ እያረፈ፥ መዞሪያው ላይ በ19 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ደረሰ። ሲመለስ ደግሞ ያለፈውን ልጅ በመጨረሻው ኪሎ ሜትር በዐይኑ አየው እንጂ አልያዘውም። በጠቅላላው 36 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ሆነ። ከ17 ተወዳዳሪዎች 11ኛ ወጣ።

ቤት እንደ ደረሰ እናቱን፥ «ካሰብሁት 20 ሴኮንድ ዘግይቻለሁ፤ አንድ ልጅም አልፎኛል» አላቸው። እናታችንም ስመው ውኃ አቀረቡለት። በዚያው ወር የክፍሉን ፈተና ተፈትኖ አለፈ።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፥ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተደረገ። በክሮኖሜትሩ አሸናፊው ሬምኮ ኤቨኔፑል፥ ከእርሱ በፊት የተነሣውን ታዴይ ፖጋቻርን ሕዝብ እያየ ደርሶ አለፈው። ፖጋቻር ግን እስከ መጨረሻው ነድቶ አራተኛ ወጣ፤ በሳምንቱም በጅምላው የጎዳና ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደብተሩን አውጥቶ በ36 ደቂቃ ከ20 ሴኮንዱ ግርጌ ጻፈው።

እንግዲህ ወላጆችና ታላላቆች ሆይ፥ ልጃችሁ ለመጀመሪያው ክሮኖሜትር ፈቃድ ሲጠይቃችሁ ደብተር ግዙለት፤ ደንብም ስጡት። የባከነ ዘመን በችኮላ አይመለስም። በዳገት ላይ የጠፋውን ሴኮንድ በአንድ ትንፋሽ ለማካካስ የሚሞክር ሰው ደቂቃ ይከስራል። ጉልበቱን እስከ መጨረሻው መጥኖ የሚሄድ ግን የቀረውን መንገድ በሙሉ የራሱ ያደርገዋል። የኔም የዘገየ እውነት በዚያች ማታ ከካቴናው ዝገት ጋር አብሮ ተጠረገ፤ መካኒኩንም በሚቀጥለው ሰኞ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።