ከባድ ሞተር ብስክሌትን በፒክአፕና በተጎታች ማጓጓዝ፦ ከጉልበት የሚቀድመው ስሌት

በአማንና በዙሪያዋ የሚገኙ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌቶች ሁልጊዜ እየተነዱ አይጓዙም። ሲበላሹ ወደ ጋራዥ፣ ሲሸጡ ወደ ገዥው ቤት፣ አንዳንዴም ወደ ዓቃባ ወይም ወደ ዋዲ ረም ለሚደረግ ሽርሽር በፒክአፕ አለዚያም በተጎታች ይጫናሉ። በዚህ ጊዜ “እስቲ አንድ እጅ” ተብሎ የሚጠራው በአቅራቢያው የተገኘው ሠራተኛ ነው፤ የጋራዥ ረዳት፣ ዕቃ ጫኝ፣ ወይም የሕንፃው ሐሪስ። ሥራው የአምስት ደቂቃ ይመስላል። እግር የሚሰበረውና ወገብ የሚቀጨው ግን በእነዚሁ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

አደጋው የሚጀምረው ክብደቱን ከመናቅ ነው። ጎልድ ዊንግ የተባለው የሆንዳ ሞተር ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ምሳሌ ሆኖ ቆይቷል፤ ለረጅም ጉዞ የተዘጋጀው የዛሬው ዓይነት 380 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቆቹ የጉዞ ሞተሮችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ይህም ወደ አራት ኩንታል የሚጠጋ ሸክም ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም አንድ ሰው በሁለት እጁ ሊያስተካክለው ይችላል፤ በጣም ካጋደለ ግን ሁለት ብርቱ ሰዎችም ላይመልሱት ይችላሉ። መውደቅ የጀመረን ሞተር መልቀቅ እንጂ መደገፍ የማይገባውም ስለዚህ ነው። የተሰበረ መስታወት ይተካል፤ የሰው እግር ግን እንደዚያ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የመወጣጫው ርዝመት ነው። የፒክአፑ የጭነት ወለል ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። መወጣጫው 1 ሜትር ከ80 ብቻ ከሆነ፣ 380 ኪሎው ሞተር 170 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ኋላ ይስባል። መወጣጫው 2 ሜትር ከ40 ሲሆን ኃይሉ ወደ 127 ኪሎ ይወርዳል። የወለሉን ከፍታ በግማሽ መቀነስ ቢቻል ደግሞ 63 ኪሎ ገደማ ብቻ ይቀራል። የሰዎቹ ጉልበት በሦስቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ስሌቱ ነው። አጭር መወጣጫ ሌላም ጣጣ አለው፤ የጉዞ ሞተር ረጅምና ዝቅ ያለ ስለሆነ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሆዱ ብረቱን ነክቶ መሐል መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

የአማን መልክዓ ምድር ለዚህ መፍትሔ አለው። በጀበል አማን፣ በጀበል ሉወይብዴህና በጀበል ሑሴን ያሉ መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። ፒክአፑ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ፣ ጀርባውን ወደ ዳገቱ አድርጎ ሲቆም፣ ከኋላው ያለው መሬት ከፍ ስለሚል መወጣጫው ጠፍጣፋ ወደ መሆን ይቀርባል። ቁልቁለቱ ግን መጠነኛ መሆን አለበት። የእጅ ፍሬኑ መያዝ፣ ማርሽ መግባት፣ በጎማዎቹ ፊትም ታኮ መደረግ ይኖርበታል። ወለሉ ላይ የወጣው ሞተር ወደ ጋቢናው እንዳይንደረደር ፍሬኑን የሚይዝ ሰውም ያስፈልጋል።

የተሽከርካሪው ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ የጭነት ወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በጎልድ ዊንግ የፊትና የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ70 ይጠጋል። ስለዚህ የኋላ ጎማው የሚያርፈው በተከፈተው የኋላ ስፖንዳ ላይ ነው፤ ያንን ክብደት የሚሸከሙትም ሁለት ቀጫጭን ማንጠልጠያዎች ይሆናሉ። ባለ አንድ ጋቢናው ፒክአፕ ወለሉ ረዘም ስለሚል ሁለቱም ጎማዎች በጠንካራ ቦታ ያርፋሉ። ከሁሉም የሚሻለው ወለሉ ለመሬት ቅርብ የሆነ ተጎታች ነው። ነገር ግን ከተጎታቹና ከጭነቱ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ መጫን አለበት። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ እንደ እባብ መወላገድ ይጀምራል።

ሞተሩ ሲወጣ መወጣጫው ከተሽከርካሪው ጋር በሰንሰለት ወይም በቀበቶ መታሰር አለበት፤ ካልታሰረ የሞተሩ ጎማ ወደ ኋላ ወርውሮ ይጥለዋል። በግራና በቀኝ አንዳንድ ሰው ይቆማል፤ ሦስተኛው ከላይ ሆኖ የፊት ፍሬኑን ይይዛል። ከሞተሩ ጀርባ፣ በመወጣጫው ትይዩ ማንም አይቆምም። ትእዛዝ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ነው። በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች አብረው ሲሠሩ ቃላቱን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፦ “ሽዋይ ሽዋይ” ቀስ በቀስ፣ “ወቅፍ” ቁም፣ “ኢትሩክ” ልቀቅ ማለት ነው። “ማ በግደር ለሓሊ”፣ ማለትም “ብቻዬን አልችልም” የሚለው አባባል ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ሞተሩ ከወጣ በኋላ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለው ብሂል በተግባር ይታያል። አራት ቀበቶዎች፣ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ፣ በግራና በቀኝ እኩል ተወጥረው ሞተሩን ቀጥ አድርገው ይይዙታል። የፊቶቹ ከመሪው እጀታ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ወፍራም ብረት፣ የኋላዎቹም ከሻሲው ላይ ይታሰራሉ፤ አምራቹ በመመሪያ መጽሐፉ ያመለከታቸው ቦታዎች ካሉ እነርሱ ይቀድማሉ። የፊት አሞርዛተሩ ግማሽ ያህል እስኪወርድ መወጠር ይበቃል። የፊት ጎማው በታኮ ይያዛል፤ የጎን ማቆሚያው ግን ተከፍቶ አይተውም፤ በንዝረት ጊዜ ክብደቱ ሁሉ በእርሱ ላይ ሊያርፍ ይችላልና። ተራ ገመድ ስለሚለጠጥ አይታመንም።

ከአማን ወደ ሙት ባሕር የሚወርደው መንገድ የአስተሳሰሩ ፈተና ነው። የባሕሩ ገጽ ከባሕር ጠለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ጉዞ ውስጥ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። አሽከርካሪው ጠንከር አድርጎ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ የክብደቱን ግማሽ በሚያህል፣ ማለትም 190 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ጋቢናው ይገፋል። በመሆኑም በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድና ከመጀመሪያዎቹ 15 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆሞ ቀበቶዎቹን እንደገና መፈተሽ ይገባል። ሞተሩን ለመደገፍ ብሎ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ግን ሊኖር አይገባም። አራት ቀበቶ ያልያዘውን ሞተር የአንድ ሰው ክንድ አይይዘውም።

ማውረድ ከመጫን ይቀላል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲወርድ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ስለሚያመዝን የፊት ጎማው ይቀላል፤ የፊት ፍሬን ብቻ ቢያዝም ጎማው ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ እንደገባ ፍሪሲዮኑን በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቁ ማውረድ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ የኋላው ጎማ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የባለቤቱን ንብረት ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም አካል ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የዮርዳኖስ የሥራ ሕግ ቁጥር 8፣ በ78ኛው አንቀጹ፣ ሠራተኞችን ከሥራው ሊመጣ ከሚችል አደጋና በሽታ ለመጠበቅ አስፈላጊውን ጥንቃቄና እርምጃ የማሟላት ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ስለዚህ ረጅም መወጣጫ፣ ጠንካራ ጫማ፣ ተጨማሪ ሰው ይምጣ ብሎ መጠየቅ እምቢተኝነት ወይም ድፍረት አይደለም። ጉዳት ከደረሰም የተጎዳውን ሰው ተሸክሞ ከመሮጥ አስቀድሞ በ911 መደወል ይገባል። ሦስተኛው ሰው እስኪመጣ የሚጠበቅባት ግማሽ ሰዓት፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ከሚያልፉ ወራት ጋር ስትነጻጸር እጅግ አጭር ናት።