የእባብ ቆዳ መለወጥ

የእባብ ቆዳ መለወጥ እባብ ያረጀውን የላይኛ ቆዳውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ አውልቆ ከሥሩ በበቀለው አዲስ ቆዳ የሚተካበት ተፈጥሯዊ ሂደት ነው። ወልቆ የሚቀረው ስስ ሽፋን ገለፈት ይባላል። ጤነኛ እባብ ገለፈቱን ያለ ማንም እርዳታ ያወልቃል። በሰው ቤት በሣጥን ውስጥ የሚኖር እባብ ግን እርጥብ ጉድጓድ ወይም የወንዝ ዳር ፈልጎ መሄድ አይችልም። በሣጥኑ ያለው አየር ከደረቀ ገለፈቱ ተቆራርጦ ገላው ላይ ይቀራል። ስለዚህ እባብ የሚያረባ ሰው ዋና ሥራው ቆዳውን መላጥ ሳይሆን፣ እባቡ ራሱ እንዲያወልቀው የሚያስችለውን እርጥበት ማዘጋጀት ነው።

የለውጡ ሂደት

የእባብ ቅርፊት እንደ ዓሣ ቅርፊት አንድ በአንድ የሚነቀል አይደለም። የላይኛው ቆዳ አንድ ወጥ ሆኖ እየታጠፈ የሚሠራው ነው። የውጪው ክፍል ኬራቲን በተባለ ጠንካራ ፕሮቲን የተሞላ የሞተ ሕዋስ ስለሆነ ከእባቡ ዕድገት ጋር አብሮ አይሰፋም፤ በጊዜ ብዛትም ያረጃል። የሰው ቆዳም ያረጀውን ሽፋን ይጥላል፤ ነገር ግን በየቀኑ በማይታይ ብናኝ መልክ ነው። እባብ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያወልቃል።

ለውጡ ሲቃረብ ከአሮጌው ቆዳ ሥር አዲስ ቆዳ ይበቅላል። ቀጥሎ በሁለቱ መካከል ፈሳሽ ይገባና ያያዛቸውን ክፍል ያላላል። በዚህ ጊዜ የእባቡ ቀለም ይደበዝዛል፤ ዐይኑም ወተት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ይመስላል። እባብ የሚከደን የዐይን ቆብ የለውም፤ በምትኩ ዐይኑን አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ይህም ቅርፊት ከቀረው ቆዳ ጋር አብሮ የሚለወጥ በመሆኑ ፈሳሹ ከሥሩ ሲገባ ዐይኑ ይጨልማል።

ዐይኑ የጨለመበት እባብ በደንብ ስለማያይ ይደበቃል፤ ብዙ ጊዜ ምግብ አይቀበልም፤ ሲነኩትም ይደነግጣል፣ ሊነክስም ይችላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐይኑ እንደገና ይጠራል። ይህ ማለት ለውጡ አለቀ ማለት አይደለም፤ ገለፈቱ የሚወልቀው ዐይኑ ከጠራ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ቀለሙ መደብዘዝ ከጀመረበት አንሥቶ ጠቅላላ ሂደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል።

በመጨረሻ እባቡ አፍንጫውን ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ያሻል። ቆዳው በከንፈሩ ዙሪያ ሲላቀቅ ወደ ፊት እየተሳበ ከውስጡ ይወጣል፤ ገለፈቱም ከእግር እንደሚወልቅ ካልሲ ተገልብጦ ወደ ኋላ ይቀራል። በቅርፊቶቹ መካከል ታጥፎ የነበረው ስስ ቆዳ ስለሚዘረጋ ገለፈቱ ከእባቡ ይረዝማል። በዚህም ምክንያት የእባብን ርዝመት በገለፈቱ መለካት ያሳስታል።

ወጣት እባብ ፈጥኖ ስለሚያድግ በየወሩ ገደማ ቆዳውን ሊለውጥ ይችላል። ያደገ እባብ ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይለውጣል።

እርጥበት ለምን ያስፈልጋል

አየሩ በቂ እርጥበት ሲኖረው አሮጌው ቆዳ ለስላሳና ተለጣጭ ሆኖ ሳይቀደድ ይወልቃል። አየሩ ሲደርቅ ቆዳው እንደ ደረቅ ወረቀት ይሰነጠቃል፤ ቁርጥራጩም ከአዲሱ ቆዳ ጋር ይጣበቃል። በቂ ውሃ ያላገኘ እባብም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ሙቀት በእርጥበት ላይ ያለው ተጽዕኖ ነው። አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ ምን ያህሉን እንደያዘ የሚያሳይ መጠን ነው። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር የበለጠ ተን መያዝ ይችላል። በመሆኑም ውሃ ሳይጨመርበት አየሩ ከሞቀ አንጻራዊ እርጥበቱ ይወርዳል። ለምሳሌ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ 50 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር ወደ 32 ዲግሪ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 28 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። እባቦች ሙቀት ስለሚፈልጉ ሣጥናቸው በመብራት ወይም በማሞቂያ ይሞቃል። በክፍሉ ውስጥ በቂ የሚመስለው እርጥበት በሣጥኑ ውስጥ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። መለኪያውም መቀመጥ ያለበት ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን ሣጥኑ ውስጥ ነው።

የየዝርያው ፍላጎት

ለሁሉም እባብ የሚሆን አንድ የእርጥበት ልክ የለም፤ ልኩ የሚወሰነው ዝርያው በተፈጥሮ በሚኖርበት ቦታ ነው።

ንጉሣዊ ዘንዶ፦ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ባለው የአፍሪካ ክፍል ይገኛል። በዓለም ላይ በብዛት በቤት ከሚረቡት እባቦች አንዱ ነው። የሚኖርበት የሣር ምድር ለወራት ቢደርቅም ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጦች ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው፤ በዚያ ያለው አየር ከውጪው ይልቅ እርጥብ ነው። በሣጥን ውስጥ ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ቆዳውን በሚለውጥበት ጊዜ ደግሞ ወደ 70 በመቶ የቀረበ እርጥበት ይመከርለታል።

የበቆሎ እባብ፦ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ሲሆን ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው እርጥበት በቀላሉ ይኖራል።

ቀስተ ደመና ቦኣ፦ ከደቡብ አሜሪካ እርጥብ ደኖች የመጣ ስለሆነ 75 በመቶና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

የምሥራቅ አፍሪካ የአሸዋ ቦኣ፦ ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ አካባቢዎች ይገኛል። ደረቅ አየር ይስማማዋል፤ ቆዳውን ሲለውጥ ግን እሱም ቢሆን አንድ እርጥብ ጥግ ይጠቅመዋል።

እርጥበትን የመጠበቂያ መንገዶች

ቀላሉና አስተማማኙ ዘዴ እርጥብ መደበቂያ ማዘጋጀት ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ተወስዶ እባቡ የሚገባበት ቀዳዳ ይበጅለታል፤ የቀዳዳው ጠርዝ እንዳይቆርጠው ይለሰልሳል። በውስጡ ውሃ የሚይዘው ስፋግነም የተባለ ሽበት መሰል ተክል ወይም የወረቀት ፎጣ ረጥቦ ይደረጋል። ሲጨመቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከልክ በላይ ረጥቧል። እንዲህ ያለው መደበቂያ እባቡ እርጥብ ወይም ደረቅ ቦታን ራሱ እንዲመርጥ ያስችለዋል።

ከዚህም ሌላ እባቡ ሊነከርበት የሚችል ሰፊ የውሃ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ከላይ ያለውን የወንፊት ክዳን በከፊል መሸፈን፣ የሣጥኑን ወለል እርጥበት በሚይዝ የኮኮናት ገለባ ወይም የዛፍ ልጣጭ ማልበስ ይጠቅማል። ውሃ መርጨት እርጥበቱን ለአጭር ጊዜ ብቻ ከፍ ያደርጋል። ለመታሸት የሚረዳ ሻካራ እንጨት ወይም ድንጋይም አስፈላጊ ነው።

ገለፈት ሲቀር

እባቡ ቆዳውን ከለወጠ በኋላ ገለፈቱን መመርመር ጠቃሚ ልማድ ነው። ሁለቱ የዐይን ሽፋኖችና የጭራው ጫፍ በገለፈቱ ላይ ከተገኙ ለውጡ የተሟላ ነው። በጭራ ላይ የቀረ ቀለበት መሰል ቁራጭ ሲደርቅ ይጠብቅና የደም ዝውውርን ያግዳል፤ የጭራው ጫፍ ሞቶ ሊቆረጥ ይችላል።

ቁራጭ ሲቀር በመጀመሪያ እርጥበቱ ይጨመርና እባቡ ለአንድ ቀን ያህል እርጥብ መደበቂያ እንዲያገኝ ይደረጋል። ይህ ካልበቃ ለብ ባለ፣ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ መሆን አለበት፤ ብቻውንም አይተውም። ከዚያ በእርጥብ ፎጣ መካከል እንዲሳብ ቢደረግ የላላው ቆዳ ፎጣው ላይ ይቀራል።

ያልላላ ቆዳ በኃይል ሲሳብ ከሥሩ ያለውን ያልጠነከረ አዲስ ቆዳ ይገነጥላል፤ ቁስሉም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በተለይ በዐይን ላይ የቀረን ሽፋን በጥፍር ወይም በወረንጦ ለማንሣት መሞከር ዐይኑን ሊያጠፋ ይችላል። የዐይን ሽፋን አንዳንድ ጊዜ በሚቀጥለው ለውጥ አብሮ ይወልቃል፤ ካልወለቀ ግን የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። እርጥበቱ ተስተካክሎ ችግሩ ከተደጋገመም ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፦ ደም የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች፣ የቆየ ጠባሳ፣ የምግብ ጉድለት ወይም ሕመም።

ከመጠን ያለፈ እርጥበት

እርጥበት ሲበዛም ይጎዳል። ወለሉ ዘወትር ከረጠበና አየር ካልተዘዋወረ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ፤ የእባቡ የሆድ ቅርፊት ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይቆስላል። የመተንፈሻ አካል ሕመምም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ እርጥበት ከአየር መዘዋወሪያ ቀዳዳዎችና ከንጽሕና ጋር አብሮ ይሄዳል።

እባቦች ጤነኛ ሆነው ሳለ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊሸከሙ ይችላሉ። እባቡን፣ ገለፈቱን ወይም የተነከረበትን ውሃ የነካ ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል፤ ለመንከሪያ የዋለ ዕቃም ለምግብ ሥራ አይውልም።