የሣሩን ክዳን ስናወርድ

ከአምቦ ወደ ሐሮ ወንጪ የሚወጣ ሰው ጋቢ ቢይዝ አይቆጨውም። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐይቁን የከበበው የእሳተ ገሞራ አፋፍ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሽቅብ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ቤት የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

እዚህ ብርዱን የቻለው የሣር ጎጆ ነው፤ በኦሮምኛ መነ ጭታ ይሉታል። ክብ የሆነው እንዲያምር ብቻ አይደለም። ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ጎጆ ዙሪያው 19 ሜትር አይሞላም፤ ያንኑ ያህል ወለል ያለው አራት ማዕዘን ቤት ግን ከ21 ሜትር በላይ ግድግዳ ይፈልጋል። ግድግዳው ባጠረ ቁጥር አጣናውም ጭቃውም ይቀንሳል፤ ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽም እንዲሁ።

ትልቁ ጥበብ ግን ያለው ከላይ፣ ክዳኑ ላይ ነው። በሣሩ መካከል የታፈነው አየር ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ዝናቡንም ቢሆን ሣሩ እንደ ላስቲክ አያግደውም፤ ጠብታው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከአገዳ ወደ አገዳ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ። ለዚህ ነው ክዳኑ ወደ 45 ዲግሪ ቀጥ ማለት ያለበት፤ ከተኛ ውሃ ይይዝና ይበሰብሳል። የምድጃው ጭስ ደግሞ ሣሩንና ወጋግራውን ከነፍሳት ይጠብቃል። የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ግን ይጎዳል፤ እኛ የጎጆ አድናቂዎች ይህቺን መዝለል እንወዳለን።

ወደ ቆርቆሮ የዞረ ሰው አይፈረድበትም። የሣር መሬቱ ታርሷል፤ ሣር በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ እሳትም አለ። ስህተቱ ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ለማንም ሳያስረክቡ ማውረዱ ነው። ስስ ብረት ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የተኛው ሰው ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ሲነካው ውሃ ይሆናል። ንጋት ላይ አልጋ ላይ ጠብ የሚለው ዝናብ አይደለም፣ የራስ ትንፋሽ ነው። መፍትሔው ኮርኒስ ነው፤ ሰፌድ የመሰለ የሸንበቆ ሥራም ቢሆን፣ በእሱና በቆርቆሮው መካከል አየር ከተረፈ ይበቃል።

ሌላው የተረሳው ታዛ ነው። ሣሩ ከግድግዳው አልፎ ይንጠለጠል ነበር፤ ቆርቆሮ ግን በገንዘብ ስለሚገዛ ጫፉ ላይ ይቆጠባል። በክረምት ከቤቱ ዙሪያ ቢያዩ፣ መሬት ነጥሮ የሚረጨው ውሃ ምርጊቱን እስከ ጉልበት ድረስ በልቶት፣ ጭዱ ተንጨብርሮ፣ ማገሩ ተገልጦ ይታያል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሲሚንቶ ይለስንበታል። ጭቃ ግን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም። ውሃውን ከኋላ አፍኖ ይይዝና እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። በጣት መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን አልቆለታል። ጭድ በደንብ የተቦካበት ጭቃ በየዓመቱ መደረቡ ይሻላል፤ ጭዱ ስንጥቁን እየበታተነ ትልቅ እንዳይሆን ይይዘዋል።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም፤ ለጋ ባሕር ዛፍ መሬት ውስጥ ከተተከለ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የጥድና የወይራ እምብርት ግን ይቆያል። ጥድ የሌለው ሰው ባሕር ዛፉን ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ያቁመው።

ቆርቆሮ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ለታዛው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ለኩ።