እስስቷ በርካሽ፣ ብርሃኗ በውድ

እስስት ሲባል በሀገራችን ቀድሞ የሚታወሰው ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ነው። ጠዋት በአንድ ዋጋ ተስማምቶ ከሰዓት በኋላ ሌላ ዋጋ የሚጠራን ሻጭ ደላላው «እስስት» ብሎ ያልፈዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የቤት እንስሳት ገበያ ግን እስስት ስድብ ሳትሆን ሸቀጥ ናት። ዋጋ ወጥቶላት፣ በሣጥን ተደርጋ፣ ከነደረሰኟ ትሸጣለች። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው የከፈለውን ዋጋ የወጪው መጨረሻ አድርጎ ሲቆጥር ነው።

በዚህ ገበያ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳው አንዷ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ የምትገኘው፣ በራሷ ላይ እንደ ቆብ የቆመ አጥንት ያላት ዝርያ ናት። ሴቷ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 70 እንቁላል ልትጥል ስለምትችል አርቢው ዘንድ አቅርቦት አይነጥፍም። አቅርቦት ሲበዛ ደግሞ የግልገሏ ዋጋ ይወርዳል። የማይወርደው የኑሮዋ ዋጋ ነው። ለማቆያው፣ ለመብራቱና ለቀለቡ የሚወጣው ገንዘብ እንስሳዋ ከተገዛችበት በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል።

የዚህ ንግድ አደጋ ከመጓጓዣ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1972 በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት አንድ የእንስሳት ነጋዴ ባለ ሦስት ቀንድ እስስቶችን ከኬንያ አስመጣ። እንስሳቱ በጉዞ ከስተውና ውኃ ጠምቷቸው ስለደረሱ እንዲያገግሙ በግቢው ለቀቃቸው። እነሱ ግን አገግመው አጥሩን ተሻገሩ። ዘራቸው ዛሬም በሃዋይ አለ። ነጋዴው ሸቀጡን ሲያጣ ደሴቲቱ ያልጋበዘችው እንግዳ ተረፋት። ከአርቢ የተገዛች ግልገል ከዱር ከተያዘችው የተሻለች ናት የሚባለውም የጉዞውን ጉዳትና ከዱር የሚመጣውን ጥገኛ ትል ስለማትሸከም ነው።

ግልገሏ ቤት ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ብርሃን ነው። እናቶቻችን ሕፃን ልጅ የጠዋት ፀሐይ እንዲሞቅ የሚያደርጉት አጥንቱ እንዲጠነክር ነው። እስስትም እንዲሁ ናት። ዩቪቢ የተባለው የፀሐይ ጨረር ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ3 ታመርታለች። ያለዚህ ቫይታሚን የበላችው ካልሲየም አጥንቷ አይደርስም። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር አብዛኛውን ስለሚያስቀር መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ብቻውን አያዋጣም። ተራ አምፖልም ያበራል እንጂ ጨረሩን አይሰጥም።

ስለዚህ ሁለት መብራት ያስፈልጋል። አንደኛው ቲ5 የሚባለው ረጅም የዩቪቢ ፍሎረሰንት ሲሆን፣ ከ5 እስከ 6 በመቶ ጥንካሬ ያለው ተመርጦ በወንፊት ሽቦ በተሠራው ማቆያ ላይ ይቀመጣል። እስስቷ የምትቆምበት ቅርንጫፍ ከመብራቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ይመከራል። ሁለተኛው ማሞቂያ አምፖል ነው። ለግልገል ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ አንድ መሞቂያ ቦታ ይበቃታል። ቀሪው ቀዝቀዝ ብሎ ሲሞቃት የምትሸሽበት ጥላና ቅጠል ሊኖር ይገባል። ሁለቱም በቀን 12 ሰዓት በርተው ሌሊት ይጠፋሉ። ቀይም ሆነ ሰማያዊ የሌሊት መብራት አያስፈልጋትም።

ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ ጉዳይ እዚህ ላይ አለ። የዩቪቢ መብራት ጨረሩ ካለቀ በኋላም ለዓይን ማብራቱን ይቀጥላል። እንደ አሠራሩ በ6 ወር ወይም በ1 ዓመት መቀየር አለበት። ገዢው በርቶ ሲያየው ደህና ይመስለዋል፤ እስስቷ ግን በጨለማ እንደምትኖር ያህል አጥንቷ ይሳሳል። እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ ምላሷን ወርውራ ማደን ያቅታታል፣ ከቅርንጫፍ ትወድቃለች። በፍጥነት የምታድገው ግልገል ከትልቋ ቀድማ ትጎዳለች፤ የጎበጠ አጥንት ደግሞ ሁልጊዜ አይቃናም። መብራቱ የተገጠመበትን ቀን ጽፎ መለጠፍ ምንም የማያስወጣ መድን ነው።

ቀለቡም የራሱ ሒሳብ አለው። ግልገል እስስት በየቀኑ ትበላለች። የምትበላውም በሕይወት ያለ ትንንሽ ፌንጣና የፍራፍሬ ዝንብ ነው። የፌንጣው ቁመት በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ፌንጣ ፎስፈረሱ ይበዛል፣ ካልሲየሙ ያንሳል። ስለዚህ ከመሰጠቱ አንድ ቀን በፊት ጎመንና ካሮት ይቀለባል፤ ሲሰጥም ዲ3 የሌለው የካልሲየም ዱቄት በስሱ ይነሰነስበታል። ዲ3 ያለበት ካልሲየምና ቫይታሚን በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይበቃል፤ ሲበዛ ይጎዳል። ያልተበላ ፌንጣ ሌሊት እስስቷን ሊነክስ ስለሚችል ይወጣል። ውኃም በሳሕን ቢቀርብላት አትጠጣ ይሆናል። የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያረፈውን ጠብታ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጭላታል።

ሒሳቡ ይሠራ ከተባለ፣ ግልገሏ በቀን 15 ፌንጣ ብትበላ በወር 450 ይሆናል። የ24 ዋት ፍሎረሰንትና የ50 ዋት ማሞቂያ በቀን 12 ሰዓት ቢበሩ በወር 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራሉ። ይህ ወጪ የአንድ ወር ብቻ አይደለም፤ በደንብ የተያዘች እስስት ለዓመታት ትኖራለች። ሁለተኛ ገዝቶ በአንድ ማቆያ ማኖርም ቁጠባ አይሆንም፤ እስስት ብቸኛ ናት፣ ጎረቤት ያስጨንቃታል። አስተዋይ ሻጭ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል። መብራቱን ከእንስሳዋ ጋር የሸጠ ሁለት ጊዜ ያተርፋል፤ እንስሳዋን ብቻ የሸጠ ግን ከወራት በኋላ የተቆጣ ደንበኛ በሩ ላይ ያገኛል።

«የባሌ እስስት ለምን አትሸጥም?» የሚል ነጋዴ ቢኖር ሕጉን ቀድሞ ያንብብ። በሐረና ደን የምትገኘው ዝርያ ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ የምትኖረውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ በአዋጅ የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የእስስት ንግድን ይቆጣጠራል። በሻንጣ ተደብቃ የምትወጣ እስስት ለያዥዋም ለተቀባይዋም ዕዳ ናት።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። እስስትም በሻጩ መደብር ውስጥ ታምራለች። ገዢው ኪሱን ከመዳበሱ በፊት ስለ እስስቷ ዋጋ ሳይሆን ስለ መብራቷና ስለ ቀለቧ ቢጠይቅ ገንዘቡንም እንስሳዋንም ያተርፋል።