የመሶብና የጆንያ ሠርግ፦ ወልድያ ላይ ያዋጣ ይሆን?

ሠርግ ደግሶ ገንዘብ የሚያወጣው ባለሠርጉ ነው። ሠርግ ቆጥሮ ገንዘብ የሚያገባው ደግሞ አከራዩ ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና የድምፅ መሣሪያ ማከራየት በየከተማው የታወቀ ንግድ ከሆነ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ላይ የተጨመረው ‹‹ዲኮር›› የሚባለው ሥራ ነው። ሳቲን ጨርቅ፣ የፕላስቲክ አበባና የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ከመርካቶ ተጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል፤ ጠረጴዛው ይለብሳል፤ ወንበሩም ቀበቶ ይታጠቃል።

ይህ ንግድ ሁለት ጊዜ ተመትቷል። የመጀመሪያው ምት የምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚገባ የፕላስቲክ አበባም ዋጋው ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ሁለተኛው ምት የመንገድ ነው። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ከርማለች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገድ የሚዘጋበትን ቀን አብዝቷል። ሠርግ ደግሞ ቀን አይጠብቅም። ቅዳሜ ያልደረሰ ዕቃ ሰኞ ቢደርስ ለማንም አይረባም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጠረጴዛው እዚያው አካባቢ በሚገኝ ዕቃ ቢዋብ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ፈረንጅ የሚናፍቀው፣ እኛ ጓዳ ያለው

በአውሮፓና በአሜሪካ ‹‹ራስቲክ›› የሚሉት የሠርግ አሠራር በተለይ ካለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ገበያ አግኝቷል። ያልተላገ እንጨት፣ የጆንያ ጨርቅ፣ የጠርሙስ ማሰሮ፣ የሜዳ አበባና የስንዴ ነዶ ይደረደርና ጠረጴዛው የገጠር ቤት ይመስላል። በከተማ ለሚኖረው ፈረንጅ ይህ ናፍቆት ነው፤ ናፍቆቱንም በገንዘብ ይገዛዋል።

ወልድያ ላይ ግን ገጠሩ በእግር መንገድ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ መርሳ አለች፤ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሐብሩ የማሽላና የፍራፍሬ አገር ነው። ሲሪንቃ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ ከማሽላ ጋር የሚነሣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽላው ታጭዶ የሚያልቀው ለጥር ሠርግ ሲዘጋጁ በመሆኑ ደረቅ ዛላው በወቅቱ ይገኛል። የፕላስቲክ አበባ በሚቀመጥበት ቦታ አንድ ገንቦ ላይ አምስት ስድስት የማሽላ ዛላ ቢሰካ ከውጭ ከመጣው ይልቅ ዓይን ይይዛል።

ጆንያውም ሩቅ አይደለም። ቡናችን ወደ ውጭ የሚላከው 60 ኪሎ በሚይዝ የቃጫ ጆንያ ነው። ጆንያው ተተርትሮ፣ ታጥቦና ጠርዙ ተቀምቅሞ በነጭ ጨርቅ ላይ በጠረጴዛው ርዝመት ቢነጠፍ የሳቲኑን ሥራ ይሠራል። ሳይታጠብ የተነጠፈ ጆንያ ግን ይሸታል፤ ጭረቱም ወጥ ውስጥ ይገባል።

ትሪው የት ይቀመጥ?

የውጭውን ፎቶግራፍ አይቶ እንዳለ መቅዳት ኪሳራ ነው። የፈረንጅ እንግዳ በየግሉ ሳህን ይበላል። የኛ ሰው ግን እንጀራው በሰፊ ትሪ ይቀርብለትና እጁን ከየአቅጣጫው ይዘረጋል። ስለዚህ ማስዋቢያው ዝቅ ያለና ጠባብ መሆን አለበት። ከፍ ያለ እንስራ መሐል ላይ ቢቆም ሰው እርስ በርሱ አይተያይም፤ አንድ ልጅ ቢገፋውም ወጡ በሙሽራዋ ዘመዶች ላይ ይፈስሳል። አንድ አገልግል፣ አንድ ትንሽ ገንቦ፣ አንድ ቅል፣ ጥቂት ዛላ፤ ለአንድ ጠረጴዛ ይበቃል። ፍራፍሬ ቢጨመር ደግሞ እንግዳው ሲወጣ ይበላዋል እንጂ አይጣልም።

ሻማ ከደረቅ ሣርና ከጆንያ አጠገብ አይቀመጥም። ድንኳን ውስጥ ይህ ጨዋታ አይደለም። ብርሃን ያስፈለገው መስታወት ያለው ፋኖስ ወይም በባትሪ የሚሠራ መብራት ይጠቀም።

መሶብን በተመለከተም ነጋዴው የሚያውቀው ችግር አለ። አለላው ወጥ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፤ ዘይት የጠጣ ስፌትም አይጸዳም። በውኃ ተነክሮ የታጠበ መሶብ ይሻግታል። መፍትሔው ምግቡን በትሪ አድርጎ መሶቡ ላይ ማስቀመጥ፣ ከድግሱ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በፀሐይ ማድረቅ፣ ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ከአይጥ ርቆ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ባሕረ ሐሳብ ያላየ አከራይ

በሰሜን ወሎ የክርስቲያኑ ሠርግ በአብዛኛው በሁለት ወቅት ይታጨቃል፤ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከዳግማ ትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ። ሁለተኛው ወቅት ዘወትር 7 እሁድ አለው። የመጀመሪያው ግን እንደ ዓመቱ ይለያያል። ዐቢይ ጾም ቀድሞ ቢገባ የካቲት 1፣ ዘግይቶ ቢገባ መጋቢት 5 ቀን ነው። ስለዚህ የጥሩ ወቅት ሲያንስ 3 እሁድ፣ ሲበዛ 8 እሁድ ይሆናል።

በ2017 ዓ.ም. ጾሙ የካቲት 17 ቀን ስለገባ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ 5 እሁድ ነበረ። በ2018 ዓ.ም. የካቲት 9 ቀን በመግባቱ 4 ብቻ ሆነ። በ2019 ዓ.ም. የሚገባው የካቲት 29 ቀን ስለሆነ 7 እሁድ ይገኛል። ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከባንክ ብድር በፊት ይህን ቁጥር ማየት ይገባዋል።

የረመዳን ቁጥርም አለ። በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለገቡ ገበያው አብሮ ቆመ። በ2019 ዓ.ም. ግን ጨረቃዋ እንደታየችው ሆኖ ረመዳን የካቲት መባቻ ላይ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። ያን ጊዜ ክርስቲያኑ ሠርግ ላይ ሳለ ሙስሊም ጎረቤቱ ጾመኛ ነው ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ያለ ጎረቤት ሠርግ የሚደግስ ስለሌለ፣ ቀናቸውን ወደ ጥር መጨረሻ የሚያስጠጉ ቤተሰቦች ይበዛሉ ብሎ መገመት ስህተት አይሆንም። አከራዩ ለእነዚያ ሁለት ሦስት እሁዶች ሁለት ስብስብ ዕቃ ሊያስፈልገው ይችላል።

ሒሳቡ ሲሠራ

ለምሳሌ ያህል 300 እንግዳ ያለው ሠርግ እንውሰድ። 10 ሰው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጥ 30 ጠረጴዛ ይሆናል። የአንዱ ጠረጴዛ ዕቃ 2,000 ብር ቢፈጅ ጠቅላላ መነሻው 60,000 ብር ነው። ለአንድ ጠረጴዛ 250 ብር ኪራይ ቢታሰብ ከአንድ ሠርግ 7,500 ብር ይገባል። ከዚህ ላይ ለጭነት፣ ለሠራተኛና ለጽዳት 2,500 ብር፣ ለተሰበረና ለጠፋ 1,000 ብር ይቀነስ። ቀሪው 4,000 ብር ነው። መነሻው የሚመለሰው በ15ኛው ድግስ ነው። አንባቢ በየራሱ ዋጋ ይተካው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

2018ን በመሰለ ዓመት የሁለቱ ወቅት እሁዶች ተደምረው 11 ናቸው። እሁድ እሁድ ብቻ የሚያከራይ ሰው በዓመቱ ገንዘቡን አያገኝም ማለት ነው። የሚያድነው መልስ ነው። ሙሽሮቹ የአገር ልብስ ለብሰው የሚቀመጡበት የመልስ ድግስ ለመሶብና ለጀበና ከሠርጉ ራሱ ይልቅ ይስማማል፤ የሚደረገውም በሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። ከሠርገኛው ግማሹ ያህል ለመልሱም ቢከራይ 5 ድግስ ተጨምሮ 16 ይሞላል። ትርፉ እንግዲህ ያለው ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ነው።

ሁለት ማዕድ፣ ሁለት ስብስብ

በወሎ ሠርግ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ ተለይቶ ለእያንዳንዱ እንደ ሃይማኖቱ ይቀርባል። ይህን ያልተረዳ አከራይ ደንበኛ ያጣል። ጠጅ የተቀዳበት ብርሌ ታጥቦም ቢሆን ለሙስሊም ማዕድ ብርዝ መቅጃ ሊሆን አይገባውም። ዕቃው ከመጀመሪያው በምልክት ተለይቶ፣ በተለያየ ሣጥን ቢቀመጥ ወጪው ትንሽ፣ የሚያስገኘው እምነት ግን ብዙ ነው።

የሠሪዋ ድርሻ

የመጨረሻው ጉዳይ የአቅርቦት ነው። መሶብ ሰፊዋም ሸክላ ሠሪዋም ዕቃዋን የምትሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ አከራዩ ያንኑ ዕቃ ሃያ ጊዜ ይሸጠዋል። መሐል ላይ ደላላ ከገባ ደግሞ የሠሪዋ ድርሻ ይበልጥ ይቀንሳል። ሸክላ ሠሪ በሰው ዘንድ ስትናቅ የኖረች ባለሙያ ናት፤ ገበያ ላይም ዋጋ የሚተምንባት ሌላ ሰው ነው። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሣሩ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ትልቅ መሶብ ሰፍቶ ለመጨረስም ሳምንታት ይፈልጋል። ጥር ሲገባ እየሮጠ የሚመጣ ነጋዴ የሚያገኘው የተረፈውን ነው፤ የሚከፍለውም የችኮላ ዋጋ ነው። በመስከረም ግማሹን ቀብድ ሰጥቶ፣ መጠኑንና ቀለሙን ነግሮ ያዘዘ ግን አንድ ዓይነት የሆኑ 30 አገልግሎችን በጊዜው ይረከባል። ሠሪዋም በቀብዱ ቀለሟን ትገዛለች፤ ለሚቀጥለው ዓመትም አትጠፋም።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ፦ የጾሙን ቀን ለቆጠረ፣ መልሱን ላልናቀ፣ ማዕዱን ለለየና ለሠሪዋ ቀብድ ለሰጠ ያዋጣል። መሶብ ስለገዛ ብቻ ሠርጉ ይመጣልኛል ብሎ የሚጠብቅ ግን መሶቡን ለአይጥ ማከራየቱ ነው።