የዶቅዶቄ መንገደኛ ስንቅ

ዶቅዶቄን የማያውቅ የለም። የግብርና ባለሙያው በእሷ ይመጣል፤ የጤና ሠራተኛውም በእሷ ይመጣል። በቅሎ በሁለት ቀን የምትጨርሰውን መንገድ ዶቅዶቄ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች። ነገር ግን እንደ በቅሎ ብዙ አትሸከምም። ሁለት ሰው ከተቀመጠባት የሚተርፈው ቦታ ከኋላ ለአንድ ጥቅል ሸራ፣ ከግራና ከቀኝ ለአንዳንድ ከረጢት ብቻ ነው። ታዲያ ከመንደር ርቆ በሸራ ሥር የሚያድር መንገደኛ ምን ስንቅ ይያዝ? ማታስ ምን አብስሎ ይብላ?

ስለ ስንቅ ለእናንተ መጻፋችን ትንሽ ያሳፍረናል። ያወቅነውን ያወቅነው ከገበሬ ቤት ነውና። እኛ ሦስት ተማሪዎች ነን። በሁለት ዶቅዶቄ ከጎንደር ተነሥተን፣ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ስንሄድ፣ ከመካከላችን ሽሮ እንኳ ሠርቶ የሚያውቅ አልነበረም። ምግብ ማለት እናት ወይም እኅት የምታቀርበው ነገር ይመስለን ነበር።

በመጀመሪያው ጉዞ ባዶ እጃችንን ሄድን። ወሩ ነሐሴ ነበር። ዝናብ ያዘንና ከመንገድ ዳር ካለ አንድ ቤት ገባን። የቤቱ እመቤት አሮጊት ናቸው፤ እኛም እማማ አልናቸው። እግራችንን አሳጠቡን፤ እሳት አነደዱልን፤ ትኩስ ቂጣ አቀረቡልን። ርቦን ስለ ነበር ሁሉንም በላን። ኋላ ከጓዳ የልጅ ልጃቸው፣ «ለእኛስ?» ሲል ሰማን። እማማ፣ «ዝም በል፣ እንግዳ ይሰማል» አሉት። ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት ወር መሆኑን ረስተን ነበር። የበላነው የልጁን እራት ነው።

ጠዋት ስንሰናበት፣ «እማማ፣ ለመንገድ ምን መያዝ ነበረብን?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ የመንገድ ምግብ የሚበስለው እቤት ነው» አሉን። ያን ጊዜ አልገባንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሬ ባቄላ ወይም ሽምብራ ለመቀቀል ብዙ እንጨትና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። በደጋ ደግሞ ይብሳል። በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ ውሃ የሚፈላው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ወደ ከፍተኛ ቦታ በወጣን ቁጥር ግን ከላይ የሚጫነው አየር ይሳሳል። ውሃውም ብዙ ሳይግል ይፈላል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፈላ በኋላ ማገዶ ብንጨምርበት ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። በደጋ ባቄላው እየተፍለቀለቀ አልበስል ብሎ የሚያመሸን ለዚህ ነው። እኛ አንድ ማታ ሞክረነው፣ ሌሊቱ ተጋምሶ ባቄላው ጥርስ አላስገባ አለን።

እንግዲህ መንገደኛ መያዝ ያለበት እሳት አስቀድሞ የነካውን ነው። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። ሽሮም ተቆልቶ፣ ተከክቶ የተፈጨ ነው። ድርቆሽ ተጋግሮ የደረቀ እንጀራ ነው። ሦስቱም ደረቅ ናቸው። ሻጋታ ያለ እርጥበት አይበቅልምና ቶሎ አይበላሹም። ደግሞም ውሃቸው ስለ ወጣ ይቀላሉ። ለዶቅዶቄ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሶን ታውቁታላችሁ። ሁለት እፍኝ በሶ፣ ቁንጥጫ ጨውና ጥቂት በርበሬ ይዞ፣ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ለወስ ማድረግ ነው። ድስት አይፈልግም፤ እሳት አይፈልግም። በአርሲና በባሌ በንጥር ቅቤ ያሹታል፤ ጭኮ ይባላል። ውሃ ስለማይገባበት ለሳምንታት ይቆያል።

በሶ ግን አንድ አደጋ አለበት። አደጋው የሚመጣው ከውሃው ነው። ከእኛ አንዱ ከወንዝ ቀድቶ በሶውን በጥብጦ ጠጣ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ድንጋዩ ከሥር ይታያል። በማግስቱ ተቅማጥ ያዘው። ሁለት ቀን ከሸራው ሥር አልራቀም። ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ ብንሄድ ከብቶች ቆመው ይጠጣሉ። ያን ቀን ሽሮ ሠርተን ቢሆን ኖሮ ውሃው ይፈላ ነበርና ባልታመመ። በሽተኛውን ከጤና ኬላ ያገኘነውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ አፍልተን ባቀዘቀዝነው አንድ ሊትር ውሃ በጥብጠን እያጠጣን አሻልነው።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አወጣን። ማታ ለእራት እሳት ስናነድ ለነገው በሶ የሚሆነውን ውሃ አብረን እናፈላለን። መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ በደጋ ሦስት ደቂቃ ያህል እንተወዋለን። ከዚያ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ እናቀዘቅዘዋለን። ዕቃውንም ልብ በሉ። ቤንዚን ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን በአመድም ቢታጠብ፣ በሳሙናም ቢታጠብ፣ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

ወደ እራቱ እንመለስ። እራት ሽሮ ነው። ለሦስት ሰው አንድ ብርጭቆ ምጥን ሽሮና አራት ብርጭቆ ገደማ ውሃ ይበቃል። ምጥን ሽሮ ቅመሙንም በርበሬውንም እቤት ስለ ጨረሰ፣ ሽንኩርት ባይኖር አያስጨንቅም። እኛ በመጀመሪያ ዱቄቱን በፈላው ውሃ ላይ ዘርግፈንበት ጓጉሎ እንደ ድንች ሆነብን። ደግ የሚሆነው ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ በሚፈላው ላይ እያማሰሉ ማፍሰስ ነው። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ፣ የጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ማንተክተክ ነው። ሃያ ደቂቃ ግድም ይፈጃል። ሲወፍር ድርቆሹን ሰባብሮ መጨመር፣ ከድኖ ጥቂት መቆየት፤ ድርቆሹ መረቁን ጠጥቶ ይለሰልሳል። በዚህ ዓይነት እንጀራውም ወጡም በአንድ ድስት አለቀ። የሚታጠበው ዕቃም አንድ ብቻ ነው፤ ይህን ሦስታችንም ወደድነው።

ቂጣ ያማረው ሰው ብርኩታ ይሥራ። ምጣድ አያስፈልገውም። የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት በጨውና በውሃ ጠንከር አድርጎ ማቡካት ነው። ቡጢ የሚያህል ድንጋይ በእሳት አግሎ፣ ሊጡን በዙሪያው መጠቅለልና በፍም ላይ እያገላበጡ ማብሰል ነው። ድንጋዩ ከውስጥ፣ ፍሙ ከውጭ ያበስለዋል። ሲመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ድንጋዩን ግን ከወንዝ አታንሡ። በውስጡ የሰረገው ውሃ እሳት ሲነካው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ከደረቅ ሜዳ የተነሣ ድንጋይ ይሻላል።

ስለ አጫጫን ጥቂት እንበል። የዶቅዶቄ ጭስ የሚወጣበት ቧንቧ እንደ ምጣድ ይግላል። እኛ ቅቤውን በዚያ በኩል አንጠልጥለን ዳባት ስንደርስ ከረጢቱ ባዶ፣ የአንዱ ሱሪ በቅቤ የራሰ ሆኖ አገኘነው። ጠረኑ ከሱሪው ሳይለቅ ሰነበተ። ቤንዚንና ምግብ በአንድ ከረጢት አይጫኑም። እንቁላል የያዘ ሰው በሽሮው ዱቄት ውስጥ ቢቀብረው አይሰበርም። በበሶው ውስጥ ግን አይቅበረው። ሽሮ በእሳት ያልፋል፤ በሶ አያልፍምና የቅርፊቱ ቆሻሻ ወደ ሆድ ይገባል።

ዶቅዶቄዋም ከምድጃው ራቅ ብላ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ትቁም። እንጨቱ ረጥቦ አልነድ ቢል ቤንዚን ማርከፍከፍ ክልክል ነው። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ብቻ ሳይሆን ዓይን የማያየው ተኑም ነው፤ እሳቱን ይዞ ወደ እጅና ወደ ጀሪካኑ ይሮጣል። ደረቅ ኩበት ብንይዝ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ለብርኩታም ጥሩ ፍም ይሰጣል። ከመተኛት በፊት ፍሙን በውሃ ማጥፋት፣ አመዱን በእጅ ዳስሶ መቀዝቀዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት ለቀናት ነድዶ ብዙ ሣርና ቁጥቋጦ አውድሟል። በዚያ ደጋ ነፋሱ ብርቱ ነው።

በኋለኛው ጉዟችን በእማማ ቤት በኩል አለፍን። ሽሮና ድርቆሽ ይዘን ነበርና በእሳቸው ምድጃ እኛ እንሥራ አልን። «ወንድ እምድጃ ሥር!» ብለው ሳቁ፤ ግን ለቀቁልን። ሲቀምሱት፣ «ጨው አብዝታችሁበታል» አሉ። የልጅ ልጃቸው ምንም አላለም፤ ድስቱን ወደ ራሱ ስቦ በጣቱ ጠረገው።