ጉዲፈቻ፤ ልጅ በማን ፊት ይሰጣል?

ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሞጆ፣ የአዳማና የሐዋሳ መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ነች። ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ የሚመጣው ኮንቴይነር በብዛት የሚራገፈውም እዚያው ባለው ደረቅ ወደብ ነው። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ በየዕለቱ የሚጎርፍባት፣ ምግብ ቤቱና አልቤርጎው የበዛባት በመሆኗ የሥራ እጅ አጥብቃ ትፈልጋለች። እንዲህ ያለው ከተማ የአዋቂውን ብቻ ሳይሆን የሕፃናትንም ጉልበት ከገጠር ይስባል።

ልጆች ከገጠር የሚወጡት ሁልጊዜ ኮብልለው አይደለም። «አሳድጋታለሁ፤ አስተምራታለሁ» ባለ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ እጅ ተይዘው የሚሄዱ አሉ። ቃሉ የሚሰጠው በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ሰዎች ባሉበት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ትምህርት ቤት ትግባ ወይም ሌሊት ተነስታ እንጀራ ትጋግር የሚጠይቅ የለም። በመሆኑም ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ዋናው ጥያቄ ልጅቱ ለማን ተሰጠች የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በማን ፊት ተሰጠች የሚለው ጭምር ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ በዚያው አገር ባህል ውስጥ አለ። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል የመጣው ከኦሮምኛ ሲሆን፣ ማሳደግ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። አማርኛው እንዳለ ስለተቀበለው የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ሥርዓቱ የገዳ ሥርዓት አንድ አካል ነው፤ ገዳም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አፈጻጸሙ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። ልጅ የሚሰጠው ወላጆቹ ወይም፣ እነርሱ በሕይወት ከሌሉ፣ የቅርብ ዘመዶቹ ሲፈቅዱ፣ የጎሳው ሽማግሌዎችም ተሰብስበው ሲስማሙበት ነው። አባ ገዳው ወይም ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ በአሳዳጊው ጎሳ ይቆጠራል፤ አሳዳጊዎቹ ኋላ የራሳቸውን ልጅ ቢወልዱ እንኳ እርሱ ከወለዱት አያንስም። የሚያድገውም እናትና አባቱን ያጣ ብቻ አይደለም። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ለመካን ጎረቤቱ ወይም ለዘመዱ የሚሰጥበት ጊዜም አለ።

የዚህ ሥርዓት ኃይል በአደባባይ መፈጸሙ ላይ ነው። አሳዳጊው ልጁን ቢበድል የሚጠየቀው በአንድ ደካማ ዘመድ ሳይሆን፣ ቃሉን በሰማ ጎሳ ሁሉ ነው። እናቶችም ሲንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ አጥፊው ዝም ብሎ አያልፋቸውም። በጎጆ ውስጥ በሹክሹክታ የተሰጠች ልጅ ግን ይህ ሁሉ ጠባቂ የላትም። የእርሷን ዓይነቱን ነገር ጉዲፈቻ ብሎ መጥራት ስሙን ማርከስ ነው።

የሽማግሌ ቃል ብቻውን በቂ ነው ማለት ግን አይደለም። ጎሳው የሰማው ቃል ሞጆ ወይም አዳማ ከተማ ውስጥ አይሰማም፤ እዚያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ እንደማይጸና፣ ዳኛውም ከማጽደቁ በፊት የልጁን ጥቅምና የልጁን የራሱን አስተያየት ማየት እንዳለበት ደንግጓል። የኦሮሚያ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ያወጣ ስለሆነ፣ ዝርዝሩን ከወረዳው ፍርድ ቤት መረዳት ያሻል። ክልሉ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና መስጠቱ ደግሞ ሽማግሌዎቹንና ዳኞቹን አቀራርቧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ልጅ ስትደፈር ወይም ስትጠለፍ ጉዳዩ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ እንጂ የእርቅ አይደለም። በካሣ አስታርቀው ልጅቱን ወደ ደፋሪዋ ቤት የሚመልሱ ሽማግሌዎች ሽምግልናውን አዋርደውታል። በሸንጎው ሴቶች ካልተቀመጡና ልጅቱ ራሷ ካልተጠየቀች ውሳኔው የወንዶች ስምምነት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ልጆችን ከአካባቢያቸው አውጥቶ የማሳደግ ሙከራ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ታይቷል። በደርግ ዘመን አላጌ ላይ የተቋቋመው የሕፃናት አምባ በጦር ሜዳ የወደቁ ወታደሮችን ልጆች በአንድ ላይ ያሳድግ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ግን አምባው አብሮ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ አያሌ ሕፃናት በውጭ አገር ጉዲፈቻ ወጡ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ሕጉን አሻሽሎ ይህንን እስኪከለክል ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15 ሺህ በላይ እንደነበሩ በጊዜው ተዘግቧል። ከክልከላው በኋላ ሸክሙ የወደቀው በአገር ቤት አሳዳጊዎች ትከሻ ላይ ነው።

የልጅ ጉዳይ በወገኑ ፊት ይወሰን የሚለው ሐሳብ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ባወጣው ሕግ የቀይ ሕንዶች ልጆች ሲሰጡ ቅድሚያ ለዘመድና ለጎሳ እንዲሆን አዘዘ። ኒውዚላንድ ደግሞ በ1989 የማኦሪዎችን ልማድ ተከትላ፣ የልጁ ዘመዶች ተሰብስበው እንዲመክሩ በሕግ ደነገገች። በሁለቱም አገሮች ሕጉ የወጣው አያሌ ልጆች ከወገናቸው ከተነጠቁ በኋላ ነው።

ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ይበልጥ የሚቀርበው ነገር መሬቱ ነው። ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ለራሱ ሳይሆን ለማሳው ነው። «አሳዳጊ ነኝ» ያለው ሰው እርሻውን ይይዛል፤ ልጁን ከብት ያስጠብቀዋል ወይም ወደ ከተማ ይልከዋል። ቢሆንም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31፣ በዕድሜ ማነስ ምክንያት ማረስ ለማይችሉት ማኅበሩ ራሱ እንዲያርስላቸው አዝዞ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456ም እናትና አባታቸው የሞቱባቸው ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በሞግዚታቸው አማካይነት በመሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር፤ ይኸው አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ደግሞ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከወለዱት ወገን ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም፤ ስለዚህ አዲስ አባት ማግኘቱ የሟች አባቱን ማሳ አያሳጣውም።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲነሱ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ በዚያው ዕለት ሦስት ነገር ሊጽፍ ይገባል። ይኸውም ልጁ በማን ፊት እንደተሰጠ፣ አሳዳጊው የት እንደሚኖር፣ ወላጆቹ ማሳ ትተውለት እንደሆነም ድንበሩ ከእነማን ጋር እንደሆነና እስከ 18 ዓመቱ ማን እንደሚያርስለት ነው። አንዱ ቅጂ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት፣ ሌላው ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይላካል። ልጁ የሚሄደው ወደ ሞጆ ወይም ወደ አዳማ ከሆነ ሦስተኛው ቅጂ ለከተማው ቀበሌ ይድረስ፤ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈትም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሄዶ ልጁ መመዝገቡን ያረጋግጥ።